ዓይነ ስውር ሰው ስልክ እንዴት ያነባል? ማስታወቂያዎቻችንስ ለምን አይነበቡለትም?

አዲስ አበባ ዳር፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ቦሌ አራብሳ የሚኖር ሰው የሳምንቱን የውኃ ፈረቃ የሚያየው ቴሌግራም ላይ ነው። የብሎኩ ኮሚቴ ስብሰባ፣ የመብራት መቋረጥ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ የወረዳው ጥሪ፣ ሁሉም እዚያው ይለጠፋል። አብዛኛው ታዲያ በፎቶ ነው። ማኅተም የተመታበት ደብዳቤ በስልክ ይነሳና ቻናሉ ላይ ይለቀቃል። ማየት የሚችል ሰው በጣቱ አጉልቶ ያነበዋል። ዓይነ ስውር ጎረቤቱ ስልክ ላይ ግን ያ ሁሉ ማስታወቂያ አንዲት ቃል ብቻ ነው፤ «ፎቶ» ይላል፣ ያልፋል።

ነገሩ ከዓመት ዓመት እየከበደ የመጣው አገልግሎቱ ሁሉ ወደ ስልክ እየገባ ስለሆነ ነው። «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው የመንግሥት ስትራቴጂ እ.ኤ.አ. በ2020 ከጸደቀ ወዲህ ክፍያው፣ ምዝገባው፣ መታወቂያው ወደ ኢንተርኔት እየገባ ነው። ዳር ከተማ ለሚኖር ዓይነ ስውር ሰው ይህ ትልቅ ዕድል ነበር። ነጭ በትሩን ይዞ፣ ያልተከደነ ቦይ እያለፈ፣ ሁለት ታክሲ ቀይሮ ቢሮ ድረስ የሚሄድበትን ጉዳይ ቤቱ ቁጭ ብሎ መጨረስ ይችላል። ገጹ ከተነበበለት ማለት ነው። ካልተነበበለት ደግሞ መንገዱም ይቀጥላል፣ ቢሮው ሲደርስም «አሁን በኦንላይን ነው» ይባላል።

ዓይነ ስውር ሰው ስልክ የሚጠቀመው እንዴት ነው?

ስክሪን ሪደር በሚባል ሶፍትዌር ነው። ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ያነብለታል። አንድሮይድ ስልክ ላይ ያለው ቶክባክ ይባላል፣ አይፎን ላይ ያለው ቮይስኦቨር። ሁለቱም ለብቻ አይገዙም። ኮምፒውተር ላይ ጆዝ እና ኤንቪዲኤ ይታወቃሉ። ጆዝ በክፍያ ነው፣ ዋጋውም አይቀመስም። ኤንቪዲኤ ነጻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ማይክል ከራን የተባለ አውስትራሊያዊ ሲሆን፣ በኋላ ጄምስ ቴ ተቀላቀለው። ሁለቱም ዓይነ ስውራን ናቸው። ለሚያዩ ሰዎች የተሠራ ኮምፒውተር ለመጠቀም እንደገና ብዙ ገንዘብ መክፈል ተገቢ አይደለም ብለው ነው የሠሩት።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። ጣቱን ስክሪኑ ላይ ወደ ቀኝ ሸርተት ሲያደርግ ቶክባክ ወደሚቀጥለው ነገር ይሄድና ስሙን ይናገራል። የፈለገው ላይ ሲደርስ ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጋል፣ ይከፈትለታል። የለመደ ሰው ድምፁን በጣም ያፈጥነዋል። አጠገቡ የተቀመጠ ሌላ ሰው አንድ ቃል እንኳ ላይለይ ይችላል፣ እሱ ግን ሙሉ መልእክቱን ጨርሶ መልስ እየጻፈ ነው።

በጅማ መንገድ ከከተማው ወጣ ብሎ ሰበታ ላይ ያለው የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ለብዙዎች ብሬል፣ ማለትም በጣት እየተዳሰሰ የሚነበብ የነጠብጣብ ጽሑፍ፣ አስተምሯል። ብሬል ዛሬም አስፈላጊ ነው። የብሬል መጽሐፍ ግን ግዙፍ ነው፣ እንደልብም አይገኝም። የዕለት ወሬ፣ የሥራ ማስታወቂያ፣ የባንክ መልእክት በብሬል አይመጣም። ያንን የሚያመጣው ስልክ ነው።

ስክሪን ሪደር ፎቶውን ለምን አያነብም?

ድሮ ማንበብ የማይችሉ አዛውንት ደብዳቤ ሲመጣላቸው የጎረቤት ተማሪ ይጠሩ ነበር። ልጁ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ያነብላቸዋል፣ ያልተጻፈውን ከየት ያመጣል? ስክሪን ሪደርም እንደዚያ ልጅ ነው። የሚያነበው ስልኩ ውስጥ ፊደል ሆኖ የተቀመጠውን ነው። ፎቶ ውስጥ ያለ ጽሑፍ ለስልኩ ፊደል አይደለም፤ የጥቁርና የነጭ ነጠብጣብ ክምር ነው።

ፎቶ ላይ ያለን ፊደል ለቅሞ ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ሶፍትዌር እኮ አለ፣ ለምን አይጠቀሙም የሚል አይጠፋም። አለ። ለምሳሌ ቴሴራክት የተባለው ነጻ ሶፍትዌር አማርኛን ይለያል። ግን ዘመም ብሎ የተነሳ፣ ጥላ ያረፈበት፣ ማኅተም ፊርማው ላይ የተደረበበት ደብዳቤ ላይ ይሳሳታል። የእኛ ፊደል ደግሞ ለዚህ ስህተት የተመቸ ነው። ለ እና ሉን፣ በ እና ቡን የምትለያቸው ትንሽ ጭረት ናት። ከዚህም የሚብሰው ቁጥር ነው። የስብሰባው ቀን 8 ይሁን 3 ካልተለየ፣ የሒሳብ ቁጥሩ አንድ አኃዝ ከሳተ፣ ባይነበብ ይሻል ነበር ያሰኛል።

መፍትሔው ቀላል ስለሆነ ነው ነገሩ የሚያስቆጨው። ያ ደብዳቤ ፎቶ ከመሆኑ በፊት ኮምፒውተር ላይ የተጻፈ ነው። ጽሑፉ አለ። ኮፒ አድርጎ ከፎቶው ሥር መለጠፍ ይበቃል። ማኅተሙ እንዲታይ ከተፈለገ ፎቶውም ይኑር፣ ጽሑፉም ይኑር። ቴሌግራም ከፎቶ ሥር እስከ 1,024 ምልክት ያስገባል። ለፈረቃ ማስታወቂያ ከበቂ በላይ ነው። ካልበቃም ቀጥሎ ሌላ መልእክት ይላካል።

ጽሑፍ የሌለበት ፎቶም መግለጫ ያስፈልገዋል። ፌስቡክ ላይ ፎቶ ሲለጠፍ ለስክሪን ሪደር የሚነበብ መግለጫ ማስገቢያ ቦታ አለ። «ፎቶ 1» ብሎ መጻፍ ምንም አይጠቅምም። «የብሎክ 14 ነዋሪዎች ቦይ ሲጠርጉ» ቢባል ግን ሰው ይገባዋል።

በፊደል ተጽፎም የማይነበብ አማርኛ አለ?

አለ፣ ብዙም ነው። ይህ የእኛ የራሳችን ችግር ስለሆነ ሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ ውስጥ በደንብ አታገኙትም።

የመጀመሪያው የድሮ ፎንት ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች የሚጠቀሙት ዘዴ ነበራቸው። ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ፊደልና ልዩ ልዩ ምልክት ነው፣ በላዩ ላይ የሚሳለው ግን የአማርኛ ቅርጽ። ዓይን አማርኛ ያያል። ስክሪን ሪደር ግን ውስጡን ነው የሚያነበው፤ ስለዚህ የሚሰማው ትርጉም የለሽ የእንግሊዝኛ ፊደል ጋጋታ ነው። በዚያ መንገድ የተጻፈ ፒዲኤፍ እስከ ዛሬ ይዘዋወራል። ለማወቅ ከፒዲኤፉ አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም መጻፊያ ላይ ለጥፉት። አማርኛ ከወጣ ደህና ነው። የማይገባ የላቲን ፊደል ከወጣ የድሮ ፎንት ነው። ጭራሽ ጽሑፉን መምረጥ ካልቻላችሁ ደግሞ የስካን ፎቶ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው የቋንቋ ምልክት ነው። እያንዳንዱ ድረ ገጽ ከጀርባው «ቋንቋዬ ይህ ነው» የሚል አንድ አጭር መስመር ሊኖረው ይገባል። ባለሙያው የእንግሊዝኛ ገጽ ገልብጦ አማርኛውን ሲሞላበት ያ መስመር «እንግሊዝኛ» እንዳለ ይቀራል። ስክሪን ሪደሩ አምኖ የእንግሊዝኛ ድምፁን ያወጣና አማርኛውን ሊያነብ ይሞክራል። ወይ ዝም ብሎ ያልፈዋል፣ ወይ የየፊደሉን ኮድ ይደረድራል። ማስተካከሉ ሁለት ፊደል መቀየር ነው።

ሦስተኛው የሁላችንም ነው። አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ ለምደናል። «ነገ ውኃ አለ ወይ» የምትለዋ ጥያቄ በላቲን ስትጻፍ ስክሪን ሪደሩ በእንግሊዝኛ አፍ ያነባታል፣ የሚሰማው ሰውም ምን እንደተባለ ለመገመት ይታገላል። ማስታወቂያ በስሜት ምልክት ማስጌጡም እንዲሁ ነው። አሥር ቀይ ልብ የተደረደረበት መስመር ላይ አንዳንዱ ስክሪን ሪደር «ቀይ ልብ» እያለ አሥር ጊዜ ይቆጥራል። አንድ በቂ ነው፣ እሱም መጨረሻ ላይ ቢሆን ጥሩ ነው።

አራት ነጥብም አለች። ዓረፍተ ነገር የሚዘጋው «።» ራሱን የቻለ አንድ ምልክት ነው። ብዙ ሰው ግን ሁለት ነጥብን ሁለቴ እየመታ ይጽፈዋል። ለዓይን ያው ነው። ሶፍትዌሩ ግን ዓረፍተ ነገሩ ማለቁን ላያውቅ ይችላል። ሳያርፍ ወደሚቀጥለው ይገባና የሁለት ቀን ፈረቃ ተያይዞ ይነበባል።

ድምፁ ራሱ አማርኛ ይችላል?

ስክሪን ሪደር የራሱ ድምፅ የለውም። ጽሑፉን ወደ ድምፅ የሚቀይርለት ሌላ ሶፍትዌር ነው። ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር አማርኛ ያነባል፣ ከኤንቪዲኤ ጋርም አብሮ ይመጣል። ድምፁ የማሽን ነው፤ ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውንም ሁልጊዜ አይለይም። ጆሮ እስኪለምደው ያስቸግራል። ማይክሮሶፍት ደግሞ «መቅደስ» እና «አምሀ» የተባሉ ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉት፣ ለሰው ድምፅ በጣም የቀረቡ ናቸው። ስለዚህ «አማርኛ የሚያነብ የለም፣ ብንጽፍስ ማን ያነበዋል» የሚለው ምክንያት አሁን አይሠራም።

ፎርምና ክፍያ ላይ ምን ይገጥመዋል?

ትልቁ ጉዳት ያለው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ገንዘብና ምሥጢር አለበት።

አንድ ዓይነ ስውር ጎረቤቴ የመብራት ሊከፍል አንድ መተግበሪያ ሲከፍት አጠገቡ ነበርኩ። ጣቱን ሸርተት ሲያደርግ ቶክባክ «አንሌብልድ፣ በተን» አለ። ስም የሌለው ቁልፍ ማለት ነው። ቀጥሎም «አንሌብልድ፣ በተን»። ቀጥሎም ያው። እኔ የማያቸው የቤት፣ የገንዘብና የመብራት አምፖል ሥዕሎች ናቸው። ሠሪው ሥዕሉን አስቀምጦ ስሙን አልጻፈበትም። ጎረቤቴ ከላይ ጀምሮ እየቆጠረ አምስተኛው የመብራት መሆኑን በቃሉ ይዞ ነበር። መተግበሪያው ታድሶ አንድ ቁልፍ ስለጨመረ ግን ቆጠራው ተዛብቷል። እንደምንም ገባ። ከዚያ በአጭር መልእክት የማረጋገጫ ቁጥር ተላከለት። ከመተግበሪያው ወጥቶ፣ መልእክቱን ከፍቶ፣ ቁጥሩን አዳምጦ፣ በቃሉ ይዞ ሲመለስ ጊዜው አልፏል። እንደገና ጠየቀ፣ እንደገና አለፈበት። በመጨረሻ ስልኩን ሰጠኝ፣ የሚስጥር ቁጥሩንም ነገረኝ።

እኔን ያምነኛል። ግን ሁልጊዜ አጠገቡ የሚያምነው ሰው አይኖርም። ያኔ ቁጥሩን የሚነግረው ለሱቅ ልጅ ነው፣ ወይም ፌርማታ ላይ ለቆመ የማያውቀው ሰው። ባንኮች ሁሌ «የሚስጥር ቁጥራችሁን ለማንም አትንገሩ» ይሉናል። ስም ያልተጻፈበት ቁልፍ ግን ዓይነ ስውሩን በግድ ያናግረዋል።

መፍትሔዎቹ የታወቁ ናቸው። እያንዳንዱ ቁልፍና እያንዳንዱ የመሙያ ሳጥን የሚነበብ ስም ይኑረው። ጊዜ የሚቆጥር ነገር ሊያልቅ ሲል ያስጠንቅቅ፣ ለማራዘምም ቢያንስ 20 ሰከንድ ይስጥ። የተላከው ቁጥር ኮፒ ተደርጎ እንዲለጠፍ ይፈቀድ። ስህተት ሲፈጠር ሳጥኑን ቀይ ማድረግ ብቻ አይበቃም፤ «ስልክ ቁጥሩ አንድ አኃዝ ይጎድለዋል» ብሎ በጽሑፍ መናገር ያስፈልጋል።

ይህ የዓይነ ስውራን ጉዳይ ብቻ ነው?

አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ 1.3 ቢሊዮን ሰዎች፣ ማለትም ከ100 ሰው 16ቱ፣ ከፍ ያለ የአካል ጉዳት አለባቸው ይላል። መስማት ለተሳነው ሰው በድምፅ ብቻ የተላለፈ ማስታወቂያ አልተላለፈም፤ ቪዲዮው ሥር ጽሑፍ መኖር አለበት። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ጥቃቅን ቁልፎች ሲጠጋጉበት የማይፈልገውን ይነካል። የዓይን ሞራ የጀመራቸው እናቶችና አባቶች ነጭ ላይ የተጻፈ ቢጫ አያነቡም። እሱንስ ጠራራ ፀሐይ ላይ ታክሲ የሚጠብቅ ጤነኛ ወጣትም አያነበውም።

መመዘኛ አለው ወይስ በዘፈቀደ ነው?

መመዘኛ አለው። የድረ ገጽን ቴክኒካዊ ደንቦች የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ማኅበር የተደራሽነት መመሪያ አለው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1999 ወጣ፣ የቅርቡ 2.2 የተባለው በጥቅምት 2023። መመሪያው ረጅም ነው፣ ሐሳቡ ግን በአራት ጥያቄ ይጠቃለላል። ገጹ ላይ ያለው ነገር በዓይን ወይም በጆሮ ይደርሳል? ያለ ማውስም ቢሆን መጠቀም ይቻላል? ይገባል? በተለያየ መሣሪያና ስክሪን ሪደር ይሠራል? ደረጃው ሦስት ነው፤ አብዛኛው አገርና ተቋም የሚይዘው መካከለኛውን ነው። ልኬቱ በግምት አይደለም። ለምሳሌ በመካከለኛው ደረጃ የተለመደ መጠን ያለው ፊደልና የመደቡ ቀለም ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ 1 መሆን አለበት። ነጭ ላይ ጥቁር 21 ለ 1 ነው። ነጭ ላይ ቢጫ ከ1 ለ 1 ብዙም አይርቅም።

ጉድለቱ የእኛ ብቻ አይደለም። ዌብኤይም የተባለ የአሜሪካ ተቋም በየዓመቱ የ1 ሚሊዮን ድረ ገጾችን መግቢያ ገጽ ይፈትሻል። በ2025 ውጤቱ 94.8 በመቶዎቹ ላይ ስህተት ተገኝቷል። በብዛት የተገኙት የደበዘዘ ፊደል፣ መግለጫ የሌለው ፎቶ፣ ስም የሌለው የመሙያ ሳጥን፣ ባዶ ሊንክ፣ ባዶ ቁልፍና ያልተጻፈ የቋንቋ ምልክት ናቸው። አብዛኞቹ እላይ ያነሳናቸው ናቸው።

ሕጉን በተመለከተ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 ስለ ሕንጻና ትራንስፖርት ብቻ አያወራም፤ ኢንተርኔትን በስም ይጠራል። አንቀጽ 21 ደግሞ ለሕዝብ የሚሰጥ መረጃ ያለ ተጨማሪ ክፍያና በጊዜው በሚነበብ መልክ ይቅረብ ይላል። ስለዚህ ዓይነ ስውር ነዋሪ «ጽሑፉን ላኩልኝ» ሲል ውለታ እየጠየቀ አይደለም።

ወጪው አይከብድም?

አዲስ የሚሠራ ገጽ ከመጀመሪያው ታስቦበት ከተሠራ ጭማሪው ትንሽ ነው። አልቆ ያደረን ማፍረስ ነው የሚያስወጣው። ለቻናል አስተዳዳሪ ደግሞ ወጪ የሚባል ነገር የለም። እንዲያውም ለሁሉም ሰው ይቆጥባል። አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። 500 ፊደል ያለው ማስታወቂያ 1.5 ኪሎባይት ገደማ ነው። ያው ማስታወቂያ በፎቶ ሲሆን በቀላሉ 100 ኪሎባይት ያልፋል። ዳር ከተማ ኔትወርክ በሚዋልልበት ሰዓት ጽሑፉ ወዲያው ይደርሳል፣ ፎቶው ግን ክቡን እያዞረ ይቆያል። ጽሑፍ በኋላ ተፈልጎም ይገኛል፤ ፎቶ ውስጥ ያለ ቃል ግን ቴሌግራም ላይ ቢፈለግ አይወጣም።

የእኔን ገጽ በምን አውቃለሁ?

በራሳችሁ ስልክ ሞክሩት። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አክሰሰቢሊቲ የሚለው ሥር ቶክባክን ክፈቱ። ከመክፈታችሁ በፊት ይህን ያዙ፦ አንድ ጊዜ መንካት ማንበብ ብቻ ነው፣ ለመክፈት ሁለት ጊዜ መታ መታ ይደረጋል፣ ገጹን ለማንሸራተት ሁለት ጣት ያስፈልጋል። ለማጥፋትም በዚሁ መንገድ ነው። አሁን የስክሪኑን ብርሃን ቀንሱና ቻናላችሁ ላይ የመጨረሻውን ማስታወቂያ አዳምጡ። መተግበሪያ ወይም ድረ ገጽ ያላችሁ ደግሞ ከመመዝገብ እስከ መክፈል ያለውን መንገድ በጆሮ ብቻ ሂዱበት። ኮምፒውተር ላይ ማውሱን ነቅላችሁ በታብ ቁልፍ ብቻ ፎርሙን ሙሉ። የቆማችሁበት ቦታ ላይ ሌላውም ይቆማል።

ከተቻለ ስክሪን ሪደር የሚጠቀም ሰው ጠርታችሁ አስሞክሩ፣ ላጠፋው ጊዜም ክፈሉት። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር አለ፣ መጠየቅ ይቻላል።

ተጠቃሚ ሆናችሁ ቅሬታ የምታቀርቡ ከሆነ ደግሞ «አይሠራም» ብላችሁ አትተዉት። የስልኩን ዓይነት፣ የስክሪን ሪደሩን ስም፣ የትኛው ገጽ ላይ እንደሆናችሁ፣ ምን ልታደርጉ እንደነበረና ስክሪን ሪደሩ ምን እንዳለ ጻፉ። «ክፍያ የሚለው ገጽ ላይ ከላይ ሦስተኛው ቁልፍ ስም የለውም፣ ቶክባክ አንሌብልድ ይላል» የሚል መልእክት የደረሰው ባለሙያ የቱን መስመር እንደሚያርም ያውቃል።